ሲኦል ውስጥ የተከፈተ ካሜራ

ፊልሙን ከካሜራው ሆድ ጎትቼ ጎትቼ ጭኔ ላይ እንደዘረገፍኩት ነው የሰው ዳሰሳ የሰማሁት። ዱላ ድንጋይ ይነካል፣ ባዶ እግር ይጎተታል።

ፊልሙን ወደ ጉያዬ ሰበሰብኩት።

ያለሁት ሲኦል ውስጥ ነው። ከአለት ከተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያናችን፣ ከቤተ መርቆሬዎስ ጋ ያለውን ጨለማ መተላለፊያ ዋሻ እኛ አገር እንዲያ ነው የምንለው። ቀትር ላይ ገብተህ ጣትህን ዓይንህ ላይ ብትደቅን አታየውም። መብራት ይዞ መግባት ደግሞ ነውር ነው፤ ግድግዳውን እየዳሰስክ ታልፋለህ፣ ሲኦልን በባትሪ የተሻገረ የለም ይላሉ ቄሶቹ። የከተማ ፎቶ አንሺ ፊልም የሚከፍትበት ጨለማ ክፍል አለው። እኔ ሲኦል አለኝ፣ ያውም በነፃ።

ካሜራዋ የራሺያ ናት። ጋሸና ላይ አንድ የእህል መኪና ሾፌር በሁለት ጠቦት ለወጠኝ። ፊልም ግን በጠቦት አይገኝም። ደሴ ያለ ፎቶ አንሺ የተረፈችውን ቁራጭ ሲያዝንልኝ ይልክልኛል፣ አስራ ሁለት የምታነሳ። ስለዚህ ስድስት ወር ሙሉ በባዶ ነው የተማርኩት፣ ቀጭ ቀጭ እያደረግኩ። የመጀመሪያዋ ፊልም ታጥባ ስትመጣ ሰው ሁሉ ያለ ራስ ወጣ። መምሬ ወልደ ጊዮርጊስ የራሳቸውን ፎቶ አገላብጠው አዩና፣ "አንተ ሄሮድስ! እንደ መጥምቁ ዮሐንስ አንገቴን ቀላኸው?" አሉኝ።

በዚችኛዋ ማንንም አልቀላሁም። በአስራ አንዱ አህያ፣ ደረጃና፣ ምን ልደብቅ፣ የጠላ ሻጯን የጥሩነሽን ተረከዝ አነሳሁበት፤ መለማመድ ነው። አስራ ሁለተኛው ቢሆነኝ ነው።

ቢሆነኝ ጓደኛዬ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ሲጭኗቸው መኪናው ላይ ቆሞ አነሳሁት። ግንባሩ ሙሉ፣ አገጩ ሙሉ፣ ፀሐይዋ ከጎኑ። እንዲያ አሳምሬ አንስቼ አላውቅም። እናቱ እማማ አሰለች ሌላ የሱ ፎቶ የላቸውም፤ ይኸው ሶስት ሳምንት ባዩኝ ቁጥር "ልጄ ታጠበ?" ይሉኛል። የካሜራዋ ፊልም መጠቅለያ እጀታ ግን ተሰበረና ፊልሙ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። ብርሃን ላይ ብከፍተው ይቃጠላል፣ ያነሳሁት ሁሉ ይጠፋል። በእጄ ጠቅልዬ ወደ ፊልሙ ቆርቆሮ ልመልሰው ብዬ ነው ሲኦል የወረድኩት።

ዳሰሳው ቀረበ። ዝም ብል ኖሮ ያልፈኝ ነበር። ግን መንገዱ ጠባብ ነው፣ ፊልሙን ይረግጥብኛል ብዬ ፈራሁ። ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሲኦል ውስጥ ተቀምጦ ሰው ሳያስደነግጡ መቅረት ይቻላል?

ድምፄን ከሆዴ አወጣሁት።

"ማነህ! ተመለስ! የዚህ ቤት ጌታ እኔ ነኝ!"

ዋሻው አጎላው። እኔ ራሴ ትንሽ ደነገጥኩ።

ዱላው ቆመ። አሁን ይሮጣል ብዬ አፌን ይዤ ሳቄን ስታገል፣ አልሮጠም።

"አንተ ነህ?" አለኝ የሴት ድምፅ፣ ቀስ ብሎ። "ልጄን የወሰድክብኝ አንተ ነህ? ስለት ገብቼ በየቀኑ በዚህ ጨለማ ስመላለስ አንድ ቀን ትንፍሽ አላልክም። ዛሬ አፍ አወጣህ? ቆይ፣ ፊትህን ልየው።"

እማማ አሰለች ናቸው። ክብሪት ሲንኳኳ ሰማሁ።

"እማማ! እኔ ነኝ፣ ከፋለ ነኝ! አይጫሩት!"

"ድምፅም ይሰርቃል ለካ!" አሉ። "በከፋለ ድምፅ መጣህ ደግሞ?"

"መርቆሬዎስን! የቢሆነኝ ፎቶ እጄ ላይ ነው፣ ብርሃን ያቃጥለዋል!"

"የልጄን ስም አትጥራ!"

ጫሩት።

በደረቴ ልደፋበት ጎነበስኩ። ለአንድ ክንድ ፊልም የሚበቃ ደረት የለኝም። ክብሪቱ ቦግ አለ፣ ለመርቆሬዎስ የያዙትን ጧፍ ለኮሱበት፣ ግድግዳው ቀላ። ፊልሙ አልጨሰ፣ አልጠቆረ። ዝም ብሎ ጭኔ ላይ አብለጨለጨ። ፊልም ሲሞት ድምፅ የለውም።

አዩኝ። ዱላው ትከሻዬ ላይ ሁለት ጊዜ አረፈ።

"አንተ ቁርጥ ሰይጣን! ልቤን አፈሰስከው እኮ!"

ከዚያ ሳቁ። ቢሆነኝ ከሄደ ወዲህ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። እየሳቁ አጠገቤ ቁጢጥ አሉና ጧፉን አስጠጉ።

"ምንድነው ይኼ የተጠመዘዘው?"

"ፊልሙ ነው።"

"የሱ?" ሳቁ ካፋቸው ላይ ጠፋ። "ያቃጥለዋል ስትል የነበረው ይኼን ነው? ወየው! አልተቃጠለም አይደል?"

እኔ መልስ ቸግሮኝ አያውቅም። የቀበሌው ሊቀመንበር ሲቆጣ መልስ አለኝ፣ መምሬ ሲረግሙ መልስ አለኝ። አሁንም አላጣሁም፤ ፊልሙን ከጭኔ ላይ አነሳሁላቸው።

"አልተቃጠለም" አልኩ።

"እሰይ፣ እሰይ። የቱ ጋ ነው?"

ከጫፉ ጀምሬ በጥፍሬ እየለካሁ መጣሁ፣ አስራ ሁለት ስል ቆምኩ። ግራጫ ነው። ከፊቱም ግራጫ ነው፣ ከኋላውም ግራጫ ነው።

እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው፣ እንደ ቅዱስ ሥዕል፣ ከስር ደገፉት።

"ዓይኔ ደክሟል፣ አንተ ንገረኝ። ልጄን ከፍቶታል?"

"ኧረ ስቋል፣ እማማ።"

"ስቋል?" ዓይናቸውን አጠበቡ፣ ጎንበስ አሉ። "አዎ... አዎ፣ ጥርሱ ይታየኛል" አሉ፣ ጧፉን ይበልጥ እያስጠጉት።