የተመለሱት ክራሮች

አምስተኛዋ ክራር በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልላ መጣች። ያመጣቻት እናት ደጃፉ ላይ አስቀምጣ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፤ ልጅቱ ሥራ በዝቶባታል» አለችና ቀና ብላ እንኳ ሳታይ ሄደች። የሺእመቤት ከረጢቱን ፈትታ ክራሯን ከሌሎቹ ጎን ግድግዳው ላይ አስደገፈቻት።

ክፍሉ የአማቷ የእህል ማስቀመጫ ነበር። ከአዲስ አበባ ጓዛቸውን ጠቅልለው፣ ከቢቸና ወጣ ብሎ ወዳለው የባሏ የምንይሉ የትውልድ መንደር ሲመጡ፣ እሱ ዶሮ ሊያረባ፣ እሷ ደግሞ የመንደሩን ልጃገረዶች ክራር አስተምራ የራሳቸው ባንድ እንዲኖራቸው ልታደርግ ነበር። ለዓመታት ሆቴል ውስጥ ለሰካራም መጫወት አንገሽግሿታል። ክረምቱን ሙሉ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስድስት ልጆች አስተማረች። እሑድ ሞጣ በሚደረገው የባህል ዝግጅት መድረክ ሊወጡ ነው። የሚወስዳቸው መኪና እንኳ ተገኝቷል።

ትናንት የይርጋነሽ እጮኝነት ፈረሰ። ይርጋነሽ ከስድስቱ ትልቋ ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች፣ እጇ የተባረከ ልጅ። የእጮኛዋ አባት ሽማግሌዎቹን ጠርተው፣ «እኔ ቤት አዝማሪ አይገባም» አሉ። ሳይመሽ መንደሩ ሁሉ ሰማ።

ምንይሉ መዶሻውን እንደያዘ ከዶሮ ቤቱ በኩል ብቅ አለ። የተደረደሩትን ክራሮች አየ።

«ይኼን ፈርቼ ነበር እኮ» አለ።

«አልነገርከኝም ግን። የኛ ሰው ዘፈን ይወዳል ነው ያልከኝ።»

«ይወዳልኮ። የገዛ ልጁ እንድትዘፍን አይወድም እንጂ።»

«ይኼን አዲስ አበባ ሳለን ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

ምንይሉ መዶሻውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ልሂድና የልጆቹን አባቶች ላናግራቸው?»

«ምን ልትላቸው? ሚስቴ አዝማሪ አይደለችም ልትላቸው?»

ፊቱን አዞረ። ለካ እንደዚያ ሊል ነበር። የሺእመቤት አዝማሪ በመባሏ አታፍርም፤ ያናደዳት የሱ ማፈር ነው። ምንይሉ ተመልሶ ወደ ዶሮ ቤቱ ገባ፤ የመዶሻው ድምፅ ከቀድሞው በርትቶ ተሰማ።

እሷም ክራሮቹን አንድ በአንድ እያነሣች ክራቸውን ታላላ ጀመር። ወደ ሳጥን ሊገቡ ነው። ይኼኔ እትየ አገሬ ስድስተኛዋን ክራር በነጠላቸው ሸፍነው ገቡ። ልጃቸው ፈንታነሽ ከሁሉ ቀድማ ትምህርት የጀመረች ነበረች።

«እርስዎም ሊመልሱ ነው፣ እትየ አገሬ?»

«አዎ የኔ ልጅ። አትቀየሚኝ። የይርጋነሽን ነገር ሰምተሻል። የኔዋም ነገ ጠያቂ ይመጣላታል።»

«እሑድን ብቻ ትጫወትልኝ። ከዚያ ይበቃል።»

«እሑድማ ጭራሽ አገር ሊያያት። አይሆንም።»

የሺእመቤት ክራሯን እንደ መንጠቅ ብላ ተቀበለቻቸውና ልታላላት ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። ጣቷ የታችኛውን ክር ሲነካው ጎርነን ያለ፣ እሷ የማታውቀው ድምፅ ወጣ። ጎንበስ ብላ አየችው። እሷ ያሰረችው ናይለን አይደለም፤ ጅማት ነው።

«ይኼን ማን ቀየረው?»

እትየ አገሬ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። «ተበጠሰብኝ። ጥጥ ከምነድፍበት ደጋን ላይ ቆርጬ ተካሁበት። አበላሽቼው ከሆነ ይቅር በይኝ።»

«እርስዎ ነዎት የበጠሱት?»

«ፈንታነሽ ውኃ ስትወርድ ብቻዬን እሆናለሁ። እሷ ስትለማመድ አያታለሁ እኮ።»

የሺእመቤት ክሮቹን በአንድ ላይ መታቻቸው። ቅኝቱ አልተዛነፈም፤ ጅማቱም ቦታውን ይዟል። ለእትየ አገሬ ማንም እንዴት እንደሚቃኝ አላሳያቸውም።

«ታዲያ ፈንታነሽን ለምን ይከለክሏታል?» ድምፅዋ ሳታስበው ከፍ አለ።

«እሷ ገና ያላገባች ናት። እኔ አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ አርጅቻለሁ። እኔን የትኛው እጮኛ ይተወኛል?»

የሺእመቤት ሳቋም ቁጣዋም አንድ ላይ መጣ። ይኼን ፈልጋ አልነበረም አገር ለቅቃ የመጣችው። ማስተማር የፈለገችው ልጆቹን ነበር። አሁን ሞጣ ደውላ፣ አንመጣም ማለት አለባት።

«እርስዎ እሑድ ሞጣ መድረክ ይወጡልኛል?» አለች በንዴት።

«እኔ ሞጣ ምን ልሠራ? ያቺን ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ የምታስቸግረኝን ቦታ ብቻ አሳዪኝ።»

እትየ አገሬ መልስ አልጠበቁም። አንገታቸውን ወደ ውጭ አውጥተው መንገዱን ግራና ቀኝ ቃኙና በሩን ገጥመው ዘጉት። ከዚያ ዱካ ስበው ተቀመጡ፤ ክራሯን ከየሺእመቤት ጭን ላይ አንሥተው ደረታቸው ላይ አስደገፉ፤ የተሰነጣጠቀ አውራ ጣታቸውንም ጅማቱ ላይ አሳርፈው ቀና ብለው አዩዋት።