ስለ አንድ ወይራ ሰባት ማመልከቻ

አያ ቢተው ወይራቸውን ሊቆርጡ እንደሆነ ከአሸተን ማርያም ሥር እስከ ከተማው ድረስ ያልሰማ ሰው አልነበረም። ሰኞ ሰኞ ማመልከቻ ይዘው ቀበሌ ይወርዳሉ፤ በቀሩት ቀናት ደጃቸው ተቀምጠው መጥረቢያ ይስላሉ።

ይህ ነገር እንቅልፍ የነሣው የደን ጠባቂውን ሀብተ ሥላሴን ነው። አምና ከታችኛው ጎጥ አንድ ትልቅ ጥድ፣ እሱ ለቅሶ በሄደበት ቀን ተቆርጦ፣ ቅጠሉ እንኳ ሳይገኝ ቀረ። ያን ጊዜ የቀበሌው ኃላፊ ይማርሽ ጠርታው፣ «ሁለተኛ አንድ አገር በቀል ዛፍ ቢወድቅ፣ አንተም አብረህ ወደቅህ» ብላዋለች። ሀብተ ሥላሴ ሌላ ሥራ የለውም፤ ሦስት ልጆች ግን አሉት።

ደንቡ ግልጽ ነው። ባሕር ዛፍ ከሆነ ባለቤቱ እንደ ልቡ ይቆርጣል። ወይራና ጥድ ግን በማንም ጓሮ ይብቀል፣ ያለ ፈቃድ አይነካም።

በሰባተኛው ሰኞ አያ ቢተው የጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመው፣ ባለጉዳዩ ሁሉ እስኪሰማ ጮኹ።

«በገዛ መሬታችን ላይ የበቀለ ዛፍ የማን ነው? አባቴ የተከለው! ጥላው ባቄላዬን ፈጀው! እኔ ኩበት እያነደድኩ፣ በደጄ ላይ ዘበኛ ይቆምበታል?»

«አባቴ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ» አለች ይማርሽ። ማመልከቻውን አንብባ ቀና አለች። «‹ዕድሜው መቶ ዓመት የሆነው፣ በቀበሌው ካሉት ወይራዎች ሁሉ ትልቁ፣ አፈሩን ከጎርፍ የያዘልን› ብለው ጽፈዋል። እንዲህ ተብሎ የመቁረጥ ፈቃድ ይጠየቃል?»

«ታዲያ ለመንግሥት ይዋሻል?»

«የመሬቱ ደብተርስ?»

«ልጄ ዘንድ ነው፤ አምና በስሙ አዙሬለታለሁ። ሽማግሌ ደብተር ምን ያደርግለታል?»

«እንግዲያው መልሱ ያው ነው። አይቻልም።»

«በቃል አይደለም! ጻፊው ልጄ። ማኅተምም አሳርፊበት። ወረዳ ድረስ እከሳለሁ!»

ይማርሽ ጽፋ ማኅተሙን አሳረፈችበት። አያ ቢተው ወረቀቱን እንደ ክታብ አጣጥፈው ከስድስቱ ጋር ኪሳቸው ከተቱ።

እሳቸው እንደወጡ ሀብተ ሥላሴን ጠራችው። «እኚህ ሰውዬ ወረዳ ሳይደርሱ መጥረቢያቸው ይደርሳል። ዛፉ ላይ ቁጥር ጻፍበት። ከዛሬ ጀምሮ ከዚያ እንዳትጠፋ።»

ሀብተ ሥላሴ በዚያው ቀን ቀይ ቀለምና ብሩሽ ይዞ አቀበቱን ወጣ። አያ ቢተው እየተራገሙ ከኋላው ተከተሉት።

«ዝቅ አድርገህ አትጻፈው! ሣር ይሸፍነዋል። መንገደኛው ሁሉ ይየው እንጂ፣ የደረሰብኝን ግፍ!»

ከፍ አድርጎ ጻፈው።

ከዚያ ወዲያ ሀብተ ሥላሴ ከወይራው ፊት ለፊት ካብ ላይ ተቀምጦ ይውል ጀመር። አያ ቢተውም ከግንዱ ሥር፣ በመቀመጥ ብዛት የለሰለሰች አንዲት ድንጋይ አለቻቸው። እሷ ላይ ሆነው መጥረቢያውን ያፋጫሉ። ብረቱ ፀሐይ ሲያገኘው ያብለጨልጫል። ሀብተ ሥላሴ ፊቱን ሲያዞር ፍጭቱ ዝም ይላል፤ ሲመለስ እንደገና ይጀምራል። ያሾፉብኛል አለ በልቡ። በጓሮው አንድ የባቄላ እግር እንኳ አላየም፤ እሱም አልገረመውም። ጥላው ፈጅቶት ይሆናል።

ሐሙስ ዕለት ልጃቸው ሰውአገኝ ከላሊበላ መጣ። እዚያ ቦታ ላይ ለቱሪስት ማረፊያ ሊሠራ እንደሚያስብ ይወራል። ሜትር ዘርግቶ የግንዱን ዙሪያ ሲለካ፣ አያ ቢተው የሜትሩን ጫፍ ያዙለት። ሀብተ ሥላሴ ራሱን ነቀነቀ። አባትና ልጅ ተማክረዋል!

ልጁ እንደሄደ አያ ቢተው ወደ ካቡ ተጠጉ።

«ሀብቴ፣ ቅዳሜ ገበያ ትወርዳለህ?»

«ምነው ጠየቁኝ?»

«እንዲያው ነው። ሰው ገበያ ይወርዳል ብዬ።»

«አልወርድም አያ። ሞቼ ነው ከዚህ የምነቃነቀው!»

«እሱንስ እናያለን» ብለው እያጉረመረሙ ተመለሱ።

ሀብተ ሥላሴ ፈገግ አለ። ሽማግሌው ሳያውቁት ቀኑን ነግረውታል።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሰውአገኝ የሞተር መጋዝ ከተሸከሙ ሁለት ሰዎች ጋር ብቅ አለ። ሀብተ ሥላሴ ከካቡ ዘሎ ዱላውን ይዞ ግንዱ ፊት ቆመ።

«ዞር በል ወንድሜ» አለ ሰውአገኝ። «ደብተሩ በስሜ ነው። አባባም ቢሆኑ አልተቃወሙም። አይደለም አባባ?»

«እኔማ መቼ ከለከልኩህ?» አሉ አያ ቢተው። ተነሡና ወረቀቶቹን ከኪሳቸው አውጥተው አንድ በአንድ ዘረጉለት። «ሰባት ጊዜ ለመንኩልህ። ይኸው መልሳቸው፤ ማኅተሙን እየው። ቁጥሩንም እየው። ጠባቂውም ይኸው፣ ገበያውን ትቶ! የነካው ይታሰራል ይላሉ። ምን ላድርግልህ ልጄ?»

ሰውአገኝ ወረቀቶቹን አገላበጠ። ቁጥሩን አየ፤ ዱላውንም አየ። መጋዝ የተሸከሙት ሰዎች ከእሱ ቀድመው ፊታቸውን ወደ መንገዱ መልሰው ነበር።

«በቃ፣ ከላይ በኩል እሠራዋለኋ» ብሎ ቁልቁለቱን ወረደ።

አያ ቢተው በረዥሙ ተንፍሰው ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ። ጀርባቸውን ለግንዱ ሰጡ። ሀብተ ሥላሴ ሥራው ስለተረፈለት ደስ ቢለውም፣ ሽማግሌ ሲሸነፍ ማየት አንጀቱን በላው።

«አይዘኑ አያ። ሕግ ነው።»

«ምን ይደረግ፣ ሕግ ነው» አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው። «ሰኞም ትመጣለህ አይደል?»

«እመጣለሁ።»

ለጥንቃቄ ብሎ መጥረቢያውን ከእግራቸው ሥር አነሣና በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

ስለቱ እንደ ተረከዝ ዱልዱም ነበር፤ ሰባት ሳምንት ሙሉ ሲሳል የከረመው ጀርባው ነው።