ቡናማው ጠብታ

የበያጁ ሚስት አንገት ላይ እንቅርቱ ብቅ ያለው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ሻርፕ ሸፈነው። በኋላ ሻርፑም አልበቃ አለ። መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የምታስተምራቸው ልጆች እየነካኩ «ይሄ ምንድነው?» ሲሏት፣ «ብርቱካን ውጬ ነው» እያለች ታስቃቸው ነበር። ቤቷ ስትደርስ ግን ልቧ ድው ድው እያለ ደረጃው መሃል ላይ ቁጭ ትላለች።

ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል አለ። ከዚያ በፊት ግን የአዮዲን ጠብታ በጭማቂ እየበጠበጠች መጠጣት አለባት።

«ጠብታው ወደ እጢው የሚሄደውን ደም ይቀንሰዋል» አላቸው። «ሳይወስዱት ከመጡ ቢላ አላነሳም፤ ብዙ ደም ይፈሳል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ አያስፈልግም፣ ይቆማል።»

ሚስቱ ሻርፗን ወደ አንገቷ ሳበች። ታላቅ እህቷ ለሌላ ሕመም ቀዶ ጥገና ገብታ በዚያው ቀርታለች። በያጁም ይህን ስለሚያውቅ እስከ ቤት ድረስ እጇን አልለቀቀም።

«አይዞሽ፣ አለሁልሽ» አላት።

ነገሩን ያልወደደችው እናቱ ነበረች። አባቱ ከሞተ ወዲህ አብራቸው ነው የምትኖረው፤ አስተያየት የማትሰጥበት ነገር የለም።

«አንገት እንደ ቧንቧ ተቆርጦ ይቀጠላል እንዴ?» አለች። ቡናማውን ጠርሙስ ከፍታ አሸተተችው። «ይሄማ ያንተ የበር ቀለም ነው።»

ያም ሆኖ ጭማቂውን የምትጨምቀው እሷ ሆነች። በያጁ በጠዋት ወደ ሥራው ሲሄድ ሚስቱን ለእናቱ አደራ ሰጥቶ ይወጣል።

ቀኑ ደርሶ ሲሄዱ ሐኪሙ ምርመራውን አይቶ ግንባሩን ቋጠረ።

«ጠብታውን በደንብ እየወሰዱ ነው?»

«እንዴታ፣ ጠርሙሱ እኮ አለቀ» አለ በያጁ።

ቀጠሮው ተራዘመ። ሌላ ጠርሙስ ተገዛ፤ እሱም አለቀ፤ ምርመራው ግን ያው ነው። ሐኪሙ በያጁን ለብቻው ጠርቶ፣ «እንዲህ ከቀጠለ ልቧ አይችለውም» አለው።

«ጠጣች ወይ?» እያለ እናቱን በየቀኑ መጠየቅ ጀመረ።

«ትጠጣለች፤ አትጨቅጭቃት» ትለዋለች እናቱ።

አንድ ቀን አላስችል አለው። ብየዳውን አቋርጦ ሳይታሰብ ቤት ገባ። እናቱ የዕቃ ማጠቢያው ላይ ጎንበስ ብላ ቡናማ እድፍ በበረኪና ትፈትጋለች። አጠገቧ ባዶ ብርጭቆ አለ። ኩሽናው አዮዲን አዮዲን ይሸታል።

«እማዬ፣ መድኃኒቱን እየደፋሽው ነው?»

ሚስቱ ከመኝታ ቤት ብቅ አለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። እናቱ ቀና ብላ ምራቷን አየቻት። ቆይታ ጨርቁን ጨመቀችና ቧንቧው ላይ ሰቀለችው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች።

«ልትገድያት ነው?»

«እንድትቆረጥ አልፈለግሁም።»

በያጁ እናቱ ላይ ጮኾ አያውቅም፤ አሁንም አልጮኸም። «ዕቃሽን ሰብስቢ» አላት ዝግ ብሎ። «እህቴ ጋ ትሄጃለሽ።»

«ተው እንጂ፣ እባክህ...» አለች ሚስቱ።

«ዝም በይ ልጄ» አለቻት እናቱ። «ልክ ነው። አንቺ መድኃኒትሽን ጠጪ። በሞቴ፣ ጠጪ።»

ሻንጣዋን ተሸክሞ አውቶቡሱ ድረስ ሸኛት፤ አልሳማትም። በመስኮት እጇን ሰደደችና የብየዳ ብልጭታ የበሳውን እጅጌውን ነካ አደረገችው።

«ይቺን ቀዳዳ ሚስትህ ጠቀም ጠቀም ታድርግልህ» አለችው።

ፊቱን አዞረ።

ከዚያ ወዲህ ሚስቱ አንድም ጊዜ ሳታጓድል ጠጣች። ብርጭቆውን ባነሳች ቁጥር እንባዋ ይወርዳል። «ምሬቱ ነው?» ሲላት ራሷን ትነቀንቃለች። ምርመራው ተስተካከለ፤ ሐኪሙም ደስ አለው።

«ሚስቴን ከገዛ እናቴ መጠበቅ ነበረብኝ ለካ» አለ በያጁ ለሥራ ባልደረባው።

እናቱ በእህቱ ስልክ ትደውላለች። እሱ ስልኩን አይቀበልም።

«ጠጣች ወይ እያለች ነው» ትለዋለች እህቱ።

«ጠጥታለች በያት።»

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ጠብታው ቆመ። ጉሮሮዋ እስኪሽር ድምፅ እንዳታወጣ ተነገራት። እሷ ግን ባሏን ባየች ቁጥር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

«ኧረ ቆይ፣ ይደርሳል» ይላታል ግንባሯን እየዳበሰ። አንድ ከሰዓት አጠገቧ ተቀምጦ፣ «ከዚህ ስትወጪ ሄጄ አመጣታለሁ» አላት። «እናት አይደለች? ይቅር እላታለሁ።»

ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተንሰቀሰቀች።

ሄዶ ሳያመጣት እህቱ ደወለች። እናታቸው ከምሳ በኋላ ጋደም ብላ ነበር፤ ሊቀሰቅሷት ቢሉ አልነቃችም።

ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ ሲመለስ በያጁ ከአፈሩ አጠገብ ቀረ። ሚስቱ አንገቷ በፋሻ እንደታሰረ ክንዱን ይዛዋለች።

«እማዬ፣ ስላደረግሽው ነገር ይቅር ብዬሻለሁ» አለ።

ሚስቱ ክንዱን ለቀቀች። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በቀጠነ በሻከረ ድምፅ ተናገረች።

«የምደፋው እኔ ነበርኩ።»