የውሃ አባቱ ስልክ

«ይዝጉት አያ ቂርቆስ! ኧረ በሥላሴ ይዝጉት!»

አያ ቂርቆስ ግን መዝጊያው ጠፋባቸው…

የኤክስ ምልክቷን ሲነኳት ሌላ ገጽ ይከፈታል። ያንን ሲዘጉ ደግሞ ሌላ።

በመጨረሻ ልብሷን የጣለች ሴት ስክሪኑን ሞልታ ብቅ አለች።

ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ጎረምሶቹ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት።

አያ ቂርቆስ የውሃ አባት ናቸው። ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የመስኖውን ውሃ ለየማሳው የሚያከፋፍሉ፣ በስማቸው ንጽሕና የተመረጡ ሰው።

በየሳምንቱ ቦዩ ዳር ቆመው የማኅበሩን ድረ ገጽ ይከፍቱና የውሃ ተራውን ለሁሉም ያነባሉ።

ድረ ገጹን የሠራላቸው ስመኘው ነው… ፍኖተ ሰላም ላይ ኮምፒውተር ቤት ያለው፣ ፈጣንና ቁጡ ልጅ።

አያ ቂርቆስ «ልጄ፣ ገጹ ነውር ያመጣል» እያሉ ደጋግመው ስለደወሉለት ያን ቀን ራሱ መጥቶ ነበር።

«ስመኘው፣ ይኼ ጉድ ከየት መጣ?» አለው ባዬ። ከማኅበሩ ሁሉ ድምፁ ጎልቶ የሚሰማው ባዬ።

ስመኘው ላፕቶፑን ከፈተ…

ገጹ ንጹሕ ነው። የውሃ ተራ ብቻ።

ደሙ ፈላ። ለዚህ ነው ሥራዬን ጥዬ የመጣሁት?

«እኔ ገጽ ላይ ምንም የለም» አለ። «ስልክ የሚያሳየው ባለቤቱ የለመደውን ነው።»



«ሰማችሁ?» አለ ባዬ። አንቱታውን እዚያው ጣለው። «ዓይኑ እዚህ የሚውል ሰው ነው ውሃ የሚያካፍለን?»

አያ ቂርቆስ አፋቸውን ከፈቱ… መልሰው ዘጉት።

የውሃ አባትነቱ ለባዬ ተሰጠ።

ይኼስ ቀላል ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ወይኒቱ መጀመሪያ ከሴቶቹ ማኅበር ቀሩ። ቀጥለው ሰው ፊት ላለመቆም ከቅዳሴ ቀድመው መውጣት ጀመሩ። በኋላም ልብሳቸውን ጠቅልለው ሽንዲ፣ ወንድማቸው ቤት ሄዱ።

ስመኘው ይህን ሲሰማ ትከሻውን ሰበቀ። «እኔ ምን አደረግሁ?»

አንድ ቀን ቡሬ መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ባዬ ደወለለት።

«ቦዩ ተደርምሶ ተራው ተቀየረ ብለንህ ነበር እኮ፤ ገጹ ላይ ያለው አሮጌው…»

የስመኘው ስልክ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ።

ስመኘው አጠገቡ ወደተቀመጠችው ልጅ ዞረ። «እህቴ፣ ስልክሽን አንዴ ታውሽኛለሽ? አንድ ገጽ ልይ።»

ሰጠችው። ከፈተው…

«ስልክዎ ታሟል! ለመቀጠል 'ፍቀድ' የሚለውን ይጫኑ!»

ዘጋው። ሌላ መጣ። ዘጋው። ሌላ…

ከዚያ ያቺው ልብሷን የጣለች ሴት።

«በስመ አብ! አንተ ባለጌ! በእኔ ስልክ ምንድን ነው የምትከፍተው?»

«እኔ አይደለሁም እህቴ… ስልክሽ…»

«ስልኬ? ስልኬ ምን? እስቲ ጨርሳት!»

ስለ አያ ቂርቆስ ስልክ የተናገራት ቃል አፉ ላይ ቀረች።

«ወንድም፣ ለእንዲህ ዓይነቱስ የራስህን ቻርጅ አድርገህ ውጣ» አለ ረዳቱ። ሚኒባሱ በሳቅ ሞላ።

ስመኘው ስልኩን ለልጅቷ መለሰላት። ወርዶ መሮጥ አማረው።

ኮምፒውተር ቤቱ እንደደረሰ የገጹን ሆድ ዕቃ ገለባብጦ ፈተሸ።

አገኘው። ከማይታወቅ ቦታ በነጻ አውርዶ የጫነው፣ ገጹን ስንት ሰው እንደከፈተው የሚቆጥር ፕሮግራም ነው… ቆሻሻውን ሁሉ የሚያመጣው እሱ ነው።

ተንኮሉ ደግሞ ይኼ ነው፦ በባለቤቱ የይለፍ ቃል ለገባ ሰው ምንም አያሳይም።

ስመኘው ደግሞ ሁልጊዜ የሚገባው በይለፍ ቃሉ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ ፊት ቆመ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። አያ ቂርቆስ ምንም አላደረጉም። ገጹን የከፈተ ሰው ሁሉ ያንን ማየቱ አይቀርም ነበር።»

ሰዉ ተያየ።

ያምሮት የምትባል የሽንኩርት ገበሬ ቀስ ብላ ተነሣች። «የእኔም ስልክ ያመጣ ነበር… አፍሬ ለአያ ቂርቆስ ብቻ ነገርኋቸው።»

«እኔም» አለ ሌላው።

«እኔም…»

ለካ ሁሉም አይቶታል። ሁሉም የእሱ ስልክ ብቻ መስሎት ደብቆታል። በአደባባይ የሚያነቡት ግን አያ ቂርቆስ ብቻ ነበሩ።

ዓይኖች ሁሉ ባዬ ላይ አረፉ።

«አንተስ?»

ባዬ መሬት መሬቱን አየ። ያ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ።

«እኔማ… ከሁላችሁ ቀድሜ ነው የነገርኋቸው። ያን ቀን የእኔም እንዳይወጣ ፈርቼ ነው የጮህሁ።»

ስመኘው ማመን አቃተው። «አያ! ያን ዕለት አንድ ቃል ቢናገሩ ይድኑ ነበር እኮ!»

«አምነውኝ በምስጢር የነገሩኝን ነው እንዴ አደባባይ የማሰጣው?» አሉ አያ ቂርቆስ።

ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ውሃውን መልሰው እንዲረከቡ ለመኗቸው።

«ውሃው ይቆየኝ» አሉ። «ለእኔ ከምትነግሩኝ ይልቅ ሽንዲ ሂዱና ለወይኒቱ ንገሯት።»

በማግስቱ ባዬና ስመኘው ሄዱ።

እትዬ ወይኒቱ ግቡ እንኳ ሳይሏቸው፣ በሩ ላይ እንደቆሙ እስከ መጨረሻው ሰሟቸው።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«እንግዲያ እሱ… ይኼን ሁሉ ጊዜ እንጀራውን ብቻውን ነው የበላው?»

መልሱን አልጠበቁም። ልብሳቸውን ሊጠቀልሉ ወደ ውስጥ ገቡ።

ወገኖቼ… በባለቤት ቁልፍ የሚገባ ሰው እንግዳውን ደጃፍ ላይ የሚነክሰውን አያይም። «እኔ ጋ ምንም የለም» ብላችሁ በሰው ስም ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት፣ እስቲ አንዴ በእንግዳው በር ግቡ።

እናንተስ አያ ቂርቆስን ብትሆኑ… ስማችሁን ለማዳን የባዬን ምስጢር ታወጡት ነበር? እውነቱን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።