በየቀኑ አስራ አምስት ደቂቃ

ሻዩን ጥዳ፣ መጋረጃውን ገልጣ፣ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ጊታሩን ከግድግዳው ታወርዳለች፤ የስልኳን ደወል ለአስራ አምስት ደቂቃ ትሞላለች፤ ቀጥላም ምት ቆጣሪውን ትከፍታለች። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ውጭው ጉም ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ፎቅ ከሦስተኛው ደርብ በላይ የለም።

አምስት ደቂቃ ለጣቶቿ፣ አምስት ደቂቃ ከአንዱ ኮርድ ወደ ሌላው ለመሻገር፣ የቀረው ለዜማው። ሥርዓቱን ያወጣላት ጊታር የሚያስተምራት ፀጉር አስተካካይ ነው። «እሑድ ሙሉ ቀን ከሚታገሉ፣ በየቀኑ ሩብ ሰዓት ይሻልዎታል» ብሏት ነበር። «ጣትም እንደ ፀጉር ነው፤ ከተዉት ያምፃል።» ይኸው ስምንት ወር ሆናት። አንድም ቀን አላጓደለችም። ጉንፋን የጣላት ሳምንት እንኳ ብርድ ልብስ ተከናንባ ተቀምጣለች።

ዜማው የባለቤቷ ነው፤ ስም የለውም። ጠዋት ጠዋት፣ ጫማውን ከማጥለቁ በፊት፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይጫወተው ነበር። ማንም አልቀዳውም፤ በየቀኑ ያለን ነገር ማን ይቀዳል? እሱ ሲሞት ዜማው እሷ ጆሮ ውስጥ ቀረ። ከጆሮዋም አንድ ቀን ሊወጣ እንደሚችል የገባት ዕለት ጊታሩን ይዛ ፀጉር ቤቱ ሄደች። በአርባ ስምንት ዓመቷ ሙዚቀኛ መሆን አላማራትም። ያንን ዜማ ብቻ፣ ልክ እሱ እንደሚጫወተው፣ ጣቷ ላይ ልታኖረው ፈለገች።

«ተጀመረ ደግሞ!» ይላሉ አማቷ ከጎን ክፍል፣ ከአልጋቸው ሳይነሱ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ አብረዋት ይኖራሉ፤ ሁለቱም የእሱን ነገር እምብዛም አያነሱም።

«እንደምን አደሩ፣ እማዬ?»

«ደህና ነኝ። እነዚያን ደረጃ የሚወጡ አይጦችሽን ዛሬም ልትለቂብኝ ነው?»

«ለጣቴ ነው። አምስት ደቂቃ ብቻ ይታገሱኝ።»

«ታግሼሽ የለ? የጎረቤት ውሻ እንኳ ተስፋ ቆርጦ መጮሁን ተወ።»

ፈገግ ትላለች። አይጦቹ ደረጃውን ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ከዚያ ኮርዶቹ ይቀጥላሉ። መተዳደሪያዋ ማተሚያ ቤት ውስጥ እርማት ነው፤ የሰው ጽሑፍ የተደናቀፈበትን እያየች ታቃናለች። ጊታሩንም የያዘችው እንደዚያው ነው። ጣቷ የዘገየበትን ቦታ ትለያለች፣ ምቱን ቀነስ ታደርገዋለች፣ ሃያ ጊዜ ሠላሳ ጊዜ ትመላለስበታለች፤ እስኪጠራ።

ዛሬ ግን ዜማው ላይ ስትደርስ ጣቶቿ ሳታዛቸው ይሄዳሉ። ጉሙ መስኮቱ ድረስ ቀርቧል፤ ክፍሉ ወተት ውስጥ እንደገባ ነገር ነጭ ሆኗል። ድምፁ ከእጇ የሚወጣ አይመስላትም። ከጀርባዋ፣ ከአልጋው በኩል ይመጣል። ዞር አትልም። ዞር እስካላለች ድረስ አልጋው ጫፍ ላይ ሰው አለ፤ ባዶ እግሩን ነው፣ ሥራ ሊረፍድበት ነው፣ ደንታም የለው። ትንፋሿን ቀስ አድርጋ ትለቃለች። ዜማው ወደ ላይ ይወጣል፣ ይዞራል፣ ይወርዳል። አንድም ቦታ ሳትደናቀፍ ትጨርሰዋለች። እንዲህ ሲሆንላት የመጀመሪያዋ ነው።

ከጎን ክፍል የነጠላ ጫማ ኮቴ ይሰማል። አማቷ ሻርፓቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በሩ ላይ ይቆማሉ፤ በጫፉ ዓይናቸውን ይነካሉ።

«እሰይ የኔ ልጅ! እጅሽ ይባረክ። ከራሱም በለጥሽ እኮ።»

«እንዴት አድርጌ እበልጠዋለሁ፣ እማዬ?»

«እሱማ መሃል ላይ ይጠፋበት የለም እንዴ? እዚያ ወደ ላይ ሲወጣ። ‹ቆይ... ቆይ› ይላል ለራሱ፤ ጣቱን ይፈልጋል፣ ይፈልጋል፣ ከዚያ ያገኘዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ! እኔ ራሴ ሽንኩርት እየከተፍኩ ቢላዬን አንስቼ እጠብቀው ነበር።» ይስቃሉ። «አንቺ ሽው ብለሽ አለፍሽው።»

ምት ቆጣሪውን ታጠፋዋለች።

በመጀመሪያው ወር የእሷም ጣቶች እዚያው ቦታ ላይ ይቆሙ ነበር። የጀማሪነት ነገር መስሏት ከሁሉ አስቀድማ ያቃናችው እሱን ነው። ሦስት ሳምንት ፈጅቶባታል።

«አንዴ ልድገመው» ትላለች። ቦታው ጋ ስትደርስ እንድትቆም ለራሷ ትነግራለች። ጣቶቿ አይሰሟትም፤ ተሻግረው ያልፋሉ። ሁለተኛም ትሞክራለች፤ ያልፋሉ። በሦስተኛው እጇን በግድ ታቆመዋለች። እጇ ይቆማል፤ ግን የሚፈልገው ነገር የለም፣ የት እንደሚሄድ ያውቀዋል።

«ምን ያህል ይቆይ ነበር፣ እማዬ?»

አማቷ ያስባሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ እየቆጠሩ ይመስላል፣ ግን ይተዉታል።

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ። እስኪያገኘው ነዋ።»

መንገዱ ላይ አንድ መኪና መብራቱን አብርቶ በጉሙ ውስጥ ቀስ ብሎ ያልፋል። አማቷ ሻዩን ሊያወርዱ ይሄዳሉ። እሷ ጊታሩን ታቅፋ እንደተቀመጠች ነው። ዜማውን ከዳር እስከ ዳር ታውቀዋለች። በእጇ የሌለችው ግን፣ ባለቤቷ «ቆይ» ብሎ ጣቱን የሚፈልግባት ጊዜ ናት።