ባዶ ቆጠራ

የትናየት ኮዱን መስመር በመስመር እያነበበች ነው። ከገበሬዎች ማኅበሩ መጋዘን በር ጀምሮ እስከ ወገዳ ገበያ መንገድ ድረስ ማዳበሪያ ሊወስዱ የመጡ ገበሬዎች ከነአህያቸው ተሰልፈዋል። ስም በተጠራ ቁጥር ኮምፒውተሩ ይፈዛል። ፕሮግራሙን የጻፈው ባልደረባዋ አለበል ነው፤ ከደብረ ታቦር አብረው የመጡትም እንዲያፈጥኑት ተጠርተው ነው።

መጀመሪያ ቀላል መስሏት ነበር። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ሰው ከወረዳ ተነሥቶ ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ ወደ ጎጥ፣ ከዚያ ወደ አባወራ እየተመላለሰ ደጋግሞ ይወርዳል። ለአንድ ሰው አንዴ ብቻ ወርዶ ጎጡን እንዲይዝና ቀሪው ፍለጋ ከዚያው እንዲቀጥል አደረገች። ፈጠነ። ግን በእያንዳንዱ ስም መነሻ ላይ አሁንም ቆም ይላል።

የሚቆምበትን ፈልጋ አገኘችው። ቀበሌው ሲጠራ የምትነሣ ቁራጭ ኮድ አለች፤ ቀበሌውን ከመስጠቷ በፊት ጊዜ ለማባከን ብቻ ባዶ ቁጥር ትቆጥራለች። በስሕተት የሚጻፍ ነገር አይደለም።

አለበልን ጠርታ አሳየችው። አላፈረም። ብስኩት እያላመጠ፣ ሆን ብሎ ያስቀመጣት መሆኑንና በሙያቸው ይህን የማያደርግ ሰው እንደሌለ ነገራት።

«ዛሬ ትንሽ ብቻ አፍጥኚላቸው» አላት። «ሁሉንም ከሰጠናቸው ከርሞ ማን ይጠራናል?»

ጠዋት ከአንድ ትሪ አብረው መብላታቸው ትዝ አላት።

ከሰልፉ ፊት የቆሙት ሽማግሌ፣ አቶ ፈንታው፣ አንገታቸውን በበሩ አስገቡ።

«ልጆቼ፣ መሬቱ ታርሶ እየጠበቀ ነው። ዛሬም ነገ ተመለሱ ልትሉን ይሆን?»

አለበል ቀድሟት፣ የኔትወርክ ችግር ስለሆነ እንዲታገሡ ነገራቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ሳያውቁ ስላጣደፏቸው ይቅርታ ጠየቁ።

የትናየት ቁራጯን ኮድ አጠፋቻት። የአቶ ፈንታው ስም ገና ተጽፎ ሳያልቅ ብቅ አለ፤ የሚቀጥለውም፣ ከዚያ የሚቀጥለውም። ሰልፉ ወደፊት ተንቀሳቀሰ።

የማኅበሩ ኃላፊ ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ከጓሮ መጡ። ሰልፉ መፍጠኑን አይተው የአለበልን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው መረቁት። እሱም ጎንበስ ብሎ ምርቃቱን ተቀበለ።

«እትዬ ዓለምጸሐይ» አለች የትናየት ከመቀመጫዋ ተነሥታ። «የኔትወርክ ችግር አልነበረም። እንዲዘገይ አድርገን የሠራነው እኛው ነን። ይምጡ፣ ላሳይዎት።»

ሴትዮዋ የትናየትን አዩ፤ ከዚያ አለበልን አዩት። እሱ ወደ ወለሉ አቀረቀረ። እጃቸውን ቀስ ብለው ከእጁ አወጡና በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።