ባዶውን ወንበር ያሞቀው መካኒክ

መካኒኩ ፒክአፗ ላይ የገጠመውን ማሞቂያ ማብሪያ ሲጫን፣ ወተት አመላላሿ ሚስቱ መሪዋን እንደያዘች ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። ሦስት ክረምት ሙሉ በዚያች ፒክአፕ ጋቢና ጥርሷ እየተንገጫገጨ ነድታለች፤ እሱ ደግሞ “መኪናሽ ፍሪጅ ነው” እያለ አንድ ቀን እንኳ አብሯት ወጥቶ አያውቅም። አዲሱ ማሞቂያ እንደ ወይፈን አጓራና ሙቅ አየር መትፋት ጀመረ።

“የሚነድበት ናፍጣ በብርድ ቢረጋብኝስ?” አለች፣ ደስታዋን ላለማሳየት።

“ለመጠባበቂያ ነጭ ጋዝ በጀሪካን ከኋላ አስሬልሻለሁ። ቤንዚን ግን እንዳትሞክሪ፤ ከነመኪናሽ ነው የምትቃጠይው!”

እጇን ዘረጋች። ከፊቷ ብርዱ እንዳለ ነው። ዳበስ ዳበስ ብታደርግ፣ የአየር መውጫው ጀርባውን ሰጥቷት ወደ ባዶው ወንበር ዞሯል።

“አንተ ሰውዬ፣ ሾፌሯ እኮ እኔ ነኝ! ይኼን ሁሉ ለፍተህ ባዶ ወንበር ታሞቃለህ?”

መካኒኩ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ በወዲያኛው በር ዞሮ ገባና ካፖርቱን ታቅፎ ተቀመጠ።

“ንጂያ” አለ፣ እግሩን ሙቀቱ ላይ ዘርግቶ። “ወተቱ እየጠበቀን ነው።”

ሞተሩን አስነሳች። ከዚያ በአንድ ጣቷ የአየር መውጫውን በግማሽ ወደ ራሷ አዞረችው፤ ግማሹን ሙቀት ለእሱ ተወችለት።